ከአሮጌው ቤት የመጣ ቅጠል

ሊሙ ገነት፣ መስከረም 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩፈይዳ፣ ጅማ፣ ሄርማታ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጎረቤቱ ደህና ነው፣ ዝናቡ ገና አልለቀቀንም፣ ድመቷ ወልዳለች።

ደብዳቤሽን ሾፌሩ ሙሀጅር ከሚኒባሱ ሳይወርድ በመስኮት አቀብሎኝ በረረ። ሦስት ስሕተት አግኝቼበት በቀይ አስምሬ መልሼልሻለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት አማርኛ ያስተማረ ሰው ልጅ ዓረፍተ ነገር ሳትዘጋ ሌላ ትጀምራለች ቢባል ማን ያምናል? ምን አስቸኮለሽ?

ስልክ ለምን አላነሣም ላልሽው፣ ጆሮዬ መሞቱን እያወቅሽ ምነው ትጠይቂኛለሽ? ስልክ ለእኔ ንብ የገባበት ቆርቆሮ ነው። ደግሞም ሰውን ያስዋሻል። “እንዴት ነህ” ሲሉህ ሳታስብ “ደህና” ትላለህ። ወረቀት ላይ ግን ሰው ቁጭ ብሎ፣ አስቦ ነው የሚጽፈው።

ለምርምርሽ የላክሁትን የቡና ቅጠል እንዳዘዝሽው ነው ያደረግሁት። ወንዙን ተሻግሬ፣ ዳገቱን ወጥቼ፣ አንቺ ከተወለድሽበት ከአሮጌው ቤት ጓሮ ራሴ ቀጠፍኩት። ለጋ ለጋውን ብቻ፣ በጥላ ደርቆ፣ በእናትሽ ዘንቢል። እዚያው ያለችው አክስትሽ ኩልሱም “ሰውየው አርጅቶ ቅጠል ለቀማ ገባ” ብላ ስትስቅብኝ ዋለች። ከሌላ ቡና አትቀላቅል ያልሽው ገብቶኛል። እትብትሽን ከዚያ ቡና ሥር የቀበርኩት እኔ ነኝ፤ አልሳሳትም።

ግን አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ። “ሴሎቹን የምናገኘው ከአራስ ሕፃናት እትብት ነው” ብለሻል። ሱብሓነላህ! እትብት አፈር ይገባል እንጂ ሳህን ይገባል? እናቶቹስ ፈቅደዋል? ቅጠሉንም በአልኮል ዘፈዘፍነው ትያለሽ። ዕድሜ ልኩን መስጊድ አጠገብ የኖረ ቡና አሰከርሽው ማለት ነው።

ስለ እግሬ፣ አዲሱ ጫማ የላጠኝ ጭረት ነው። እሱን ተዪውና ትምህርትሽን ያዢ።

አባትሽ አብዱልፈታሕ

*

ጅማ፣ መስከረም 21 ቀን 2017

ለምወድዎት አባቴ

ወአለይኩም አሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። ስለ ስሕተቶቹ አፉ ይበሉኝ፣ ቆሜ ነው የጻፍኩት። ይህንንም ቆሜ ነው የምጽፍልዎ፤ መቀመጥ አቅቶኛል።

እናቶቹ ፈቅደዋል። ሳይወልዱ በፊት እንነግራቸዋለን፣ ይፈርማሉ። የምንፈልገው እትብቱ ውስጥ ያለውን አንድ የደም ሥር ነው። የደም ሥር ከውስጥ እንደ ኮት ገበር አለው፣ ስስ የሴል ገበር። ስኳር ሲበዛበት ያ ገበር ይነዳል፣ ይቀደዳል። የእማዬን ዓይን፣ ኋላም እግሯን የወሰደው ይኸው ነው፣ አላህ ይርሐማት። አልኮሉ ደግሞ በሙሉ ተንኖ ይሄዳል፤ ቡናዎ አልሰከረም።

አሁን ያስሮጠኝን ልንገርዎ። ገበሩን በትንንሽ ሳህኖች አሳደግን። ለሁሉም ብዙ ስኳር ሰጠን። ለግማሹ የእርስዎን ቅጠል ጨመርን፣ ለግማሹ ምንም አልጨመርንም። ምንም ያልተጨመረለት አለቀ። ቅጠል ያገኘው ግን ቁጭ ብሎ ጠበቀን! አብራኝ የምትሠራው ቃለሕይወት “ሃሌ ሉያ” ብላ ዘለለች፣ እኔ “አላሁ አክበር” አልኩ፣ የጥበቃው ሰውዬ እሳት ተነሣ ብሎ ሮጦ መጣ።

አባዬ፣ ከአሮጌው ቤት የመጣው ቅጠል የደም ሥርን ከስኳር አዳነ! ይህንን ዓረፍተ ነገር በቀይ አያስምሩብኝ።

ሌላ ዘንቢል ያስፈልገኛል፤ ከዚያው ቡና። አማካሪዬ ደግሜ ካላሳየሁት አላምንም ብሎኛል። የዚህን ወር የስኳር መርፌዎን በበረዶ ጠቅልዬ ለሙሀጅር ሰጥቻለሁ። ጭረቱስ ዳነ? “ተዪው” ብሎ መልስ የለም፣ ራስዎ ነዎት ያስተማሩኝ።

ልጅዎ ሩፈይዳ

*

ሊሙ ገነት፣ ጥቅምት 3 ቀን 2017

ኢንተላ ኮ፣ ልጄ ሩፈይዳ

እንደምን ሰነበትሽ? ድመቶቹ ዓይን ገልጠዋል። ቡናው እየቀላ ነው፣ ለቀማ ደርሷል፣ አገሩ ሁሉ ወጥቷል።

ደብዳቤሽን ከጁምዓ ሶላት በኋላ ለሰው ሁሉ አነበብኩ። ማሻአላህ ያላለ የለም። ጎረቤታችን አባቦራ “የኛ ልጅ የስኳር መድኃኒት አገኘች” ብሎ ከገበያው ወዲህና ወዲያ ሲያወራ ዋለ። እኔም አላረምኩትም፤ ሰው ሲደሰት ምን ይባላል? እናትሽ ይህን ሳትሰማ መሄዷ ብቻ ነው የቆጨኝ። አለቀስኩ፤ አልዋሽሽም።

ሁለተኛው ዘንቢል ከዚህ ጋር መጥቷል። እኔ ዘንድ የሚሠራው ኤርሲዶ በመቅጠፉ ትንሽ አግዞኛል። የኤርሲዶ ሰዎች እኮ በሀዲያ ድሮም የቡና ቅጠል አፍልተው ይጠጣሉ። ከዝንጅብልና ከጨው ጋር እንዴት እንደሚፈላ አሳይቶኝ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ሲኒ እጠጣለሁ። መጀመሪያ ሣር ሣር ይላል፣ ኋላ ግን ይለመዳል። ሰውነቴ ቀለል ብሎኛል።

ለሚመጣው ወር መርፌ አትላኪ። ያለው ይበቃኛል። ማሰሮው ውስጥ፣ እርጥቡ አሸዋ ላይ፣ ቀዝቅዞ በደንብ ተቀምጧል።

ለምን ደብዳቤው አጠረ እንዳትዪ፤ ሙሀጅር ጥሩምባውን እየነፋ አላስቆም ብሎኝ ነው።

አባትሽ

*

ጅማ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2017

ለአባቴ

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ዛሬ ግን ሰላምታውን አሳጥሬ ወደሚያስጨንቀኝ ነገር ቶሎ ልግባ።

“ያለው ይበቃኛል” ምን ማለት ነው? አንዷ ጠርሙስ አንድ ወር ነው የምታደርስዎት። ነሐሴ የላክሁት መስከረም ላይ አልቆ፣ መስከረም የላክሁትም አሁን ማለቅ ነበረበት። ማሰሮው ውስጥ የተቀመጠው የማን መርፌ ነው? ያ ረቢ፣ እኔ የፈራሁትን እንዳያደርጉብኝ።

አባዬ፣ በደንብ ያንብቡኝ፣ ከፈለጉ ጮክ ብለው ለጁምዓው ሰው ሁሉ ያንብቡልኝ። ቅጠሉ መድኃኒት አይደለም። ሳህን ሰው አይደለም፤ ሳህን ሆድ የለውም፣ ጉበት የለውም፣ እግር የለውም። ሳህኑ ላይ የጨመርነው ተጣርቶ፣ ተለክቶ ነው፤ እርስዎ የሚጠጡት ሲኒ ሌላ ነገር ነው። ይህ ነገር ለሰው ከሆነ እንኳ እኔ ካረጀሁ በኋላ ነው። ሻዩን ይጠጡት፣ ማንም አይከለክልዎትም፤ መርፌውን ግን ዛሬውኑ ይውጉ። እለምንዎታለሁ።

ጥፋቱ የኔ ነው። “አዳነ” ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በደስታ ያበደ ሰው ለሚታመም ሰው ደብዳቤ መጻፍ የለበትም።

ሙሀጅርን መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ጠየቅኩት። “አባቴ እንዴት ነው?” ስለው ጎማውን ይፈትሽ ጀመር። “ሙሀጅር፣ አንተን ነው!” ስለው “ወላሂ አስምለውኛል፣ አታስጨንቂኝ” ብሎ ሞተሩን አስነሣ። ምን አስማሉት?

ደግሞ ሌላ። ሁለተኛው ዘንቢል አልሠራም። ሦስት ጊዜ ሞከርኩት፣ ሦስት ጊዜ ሴሎቹ አለቁ፤ ቅጠል ያገኙትም፣ ያላገኙትም እኩል። አማካሪዬ የመጀመሪያው ስሕተት ነበር ይላል። ቃለሕይወት ሚዛኑን ሁለቴ ፈተሸችው፣ ልክ ነው። እንዴት ነው ያደረቁት? ፀሐይ ነካው? በእርግጥ ከዚያው ቡና ነው?

ሩፈይዳ

*

ሊሙ ገነት፣ ጥቅምት 22 ቀን 2017

ለሩፈይዳ

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። የክስ ቻርጅ ነው የመሰለኝ።

ቅጠሉ በጥላ ነው የደረቀው። ከዚያው ቡና ነው ብያለሁ፣ ብያለሁ። ሜ፣ እስቲ በቃ በዪ! ጠርሙስ እየቆጠርሽ አባትሽን እንደ ሌባ ትመረምሪዋለሽ? ሳህንሽ ካልሠራ ሳህንሽን ጠይቂው።

ሙሀጅር ወሬኛ ነው። ምንም አላስማልኩትም።

ለቀማው ተፋፍሟል፣ ሰው አይገኝም፤ እኔም ሥራ በዝቶብኛል። ለጊዜው እንዳትመጪ፤ መንገዱም ጭቃ ነው። ለቃለሕይወት ሰላም በይልኝ።

አብዱልፈታሕ

*

ጅማ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017

አባዬ

ዛሬ ሰላምታ የለኝም፤ ይቅር ይበሉኝ።

ከትናንት ጀምሮ የሁለቱን ዘንቢል ቅጠል ወረቀት ላይ ዘርግቼ ስመለከት ነው የዋልኩት። የአሮጌው ቤት ቡና ለጋው ጫፉ ቀይ ነው፤ ልጅ ሆኜ “ቡናው ሂና ተቀባ” እያልኩ አስቅዎ ነበር። ሲደርቅ እንኳ መቅላቱ አይጠፋም። የመጀመሪያው ዘንቢል እንደዚያ ነው። ሁለተኛው ግን ጫፉ ሁሉ አረንጓዴ፣ ቅጠሉም ፀሐይ ያደነደነው ነው። ይህ አሁን ያሉበት ቤት ደጃፍ፣ ጥላ የሌለው ቦታ የተተከለው የችግኝ ጣቢያው ዘር ነው። ከአልጋዎ አሥር እርምጃ አይሆንም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማረ ሰው ልጅ ነኝና እኔም ጥያቄ አወጣሁ። አባቴ ከዚያው ቡና አምጣ ተብሎ ለምን ከደጃፉ ቀጠፈ? እኔን ለማታለል? አባቴ ሥራዬን ሊያበላሽ አይፈልግም። ታዲያ? መልሱ አንድ ነው። ወንዙን መሻገር አልቻለም።

አክስቴ ኩልሱም ጋ ደወልኩ። “አባትሽን ካየሁት ወር አለፈኝ፣ አኩርፎኝ ነው እንዴ?” አለችኝ።

በስድስተኛ ክፍል ሰሌዳ ላይ ጽፈው ሃያ ጊዜ ያስገለበጡን ተረት ትዝ ይልዎታል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። እኔ አሁን ሃያ ጊዜ ጽፌ ብልክልዎ ደስ ይለኝ ነበር።

ሳህኑን ጠይቂው አሉኝ። ጠየቅኩት፤ ነገረኝ። ቅዳሜ የመጀመሪያው ሚኒባስ ላይ ነኝ። ጭቃ ቢሆን፣ ጎርፍ ቢሆን እመጣለሁ።

ሩፈይዳ

*

ሊሙ ገነት፣ ጥቅምት 29 ቀን 2017

ልጄ

አንቺ ከመድረስሽ በፊት ይህ ይድረስሽ፤ ፊት ለፊት አልናገረውም።

ሁሉም እንዳልሽው ነው። ሁለት የእግር ጣቶቼ ጠቁረዋል። አሁን ጥቁረቱ ወደ ላይ እየወጣ ነው፤ ሽታውንም ኤርሲዶ ይደብቀኛል እንጂ አውቀዋለሁ። አያመኝም፣ እሱ ነው ያታለለኝ። መርፌውን ያቆምኩት ደብዳቤሽ በደረሰ በማግሥቱ ነው። ልጄ ካገኘችው በላይ የማንን መድኃኒት ልመን አልኩ። ጥፋቱ የኔ ነው አትበዪ፤ የአምስት ልጆች አባት እንኳ በአንዲት ልጁ እንደኔ አይኮራም፣ ኩራት ነው ያሳበደኝ።

ኤርሲዶን ወደ አሮጌው ቤት ልኬው ቢሆን ኩልሱም “እሱስ የት ነው?” ትላለች፤ ከዚያ ስልኩን ታነሣለች። ስለዚህ ከደጃፌ ቅጠፍልኝ አልኩት። ቅጠል ቅጠል ነው፣ ማን ያውቃል ብዬ ነበር። ለካ ያውቃል። ሥራሽን አበላሸሁት፤ አፉ በዪኝ።

አሁን ለምን እንደደበቅኩ። መሞት አልፈራም። መቆረጥ እፈራለሁ። ሳሊሀን፣ እናትሽን፣ እግሯን የቆረጧት ቀን ትዝ ይልሻል? አንቺ ትንሽ ነበርሽ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ አንድ ሰው በባልዲ ይዞት በአጠገቤ አለፈ። እግሯ እንደሆነ አውቄያለሁ። “ስጡኝ፣ ልቅበረው” ማለት ነበረብኝ። አፈርኩ፤ ሰው ምን ይለኛል ብዬ አሳለፍኩት። ሳልጠይቅ ማን ይሰጠኛል? ከዓመት በኋላ እሷን ስቀብር ጎድላ ነው የቀበርኳት። አንቺ የመጣሽበትን እትብት እንኳ አፈር አልብሼ፣ ያችን የመሰለች ሴት እግሯ የት እንደወደቀ አላውቅም። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በሶላቴ መሐል ያ ባልዲ ይመጣብኛል። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ነይ። አትቆጪኝ ግን።

አባትሽ

*

ጅማ፣ ከሆስፒታል አልጋ፣ ኅዳር 4 ቀን 2017

ለሩፈይዳ

ጠዋት የጠያቂ ሰዓት አልቆ ሲያስወጡሽ ወደ ኋላ እያየሽ ስትሄጂ አየሁሽ። ይህን ነርሷ ትሰጥሻለች። ወረቀቱ የመድኃኒት ማዘዣ ጀርባ ነው፣ ሌላ አላገኘሁም።

ዶክተሩ ጆሮ እንደሌለኝ ስለነገርሽው በወረቀት ጻፈልኝ። ከቁርጭምጭሚት በላይ፣ ነገ። ካልሆነ ጉልበት፣ ካልሆነ ሕይወት ይላል። ጽሑፉ ዶሮ የጫረው ይመስላል፤ ግን ገባኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር። ምንም ያልጨመራችሁላቸው ሳህኖች፣ እንዲሞቱ የተዋችኋቸው፣ እኔ ከነሱ ነበርኩ ወይ? ራሴን በራሴ ከነሱ ጋር አስቀምጬ ይሆናል። አሁን አውጪኝ።

እፈርማለሁ። በአንድ ነገር ብቻ። እግሬን በእጅሽ ተቀበዪው። አትፈሪ፣ እንደኔ አትፈሪ፤ ሰው ምን ይላል አትበዪ። ወስደሽ ከዚያ ቡና ሥር፣ ከእትብትሽ አጠገብ ቅበሪልኝ። ይህን ካልሽኝ እስክሪብቶውን አነሣለሁ።

አባትሽ አብዱልፈታሕ

*

ሊሙ ገነት፣ አሮጌው ቤት፣ ኅዳር 7 ቀን 2017

ለምወድዎት፣ ለማከብርዎት አባቴ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። ሕመሙ እንዴት አደረ? ቃለሕይወት እንቅልፍ እንደወሰድዎትና ሾርባውን ጨው የለውም ብለው እንደመለሱት ነግራኛለች፤ በዚህ ደኅንነትዎን አውቄያለሁ። መርፌውን ጠዋትና ማታ እሷው ታሰጥዎታለች። አይጨቃጨቋት፤ እልኸኛ ናት።

ከቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ቆሜ ነው የጠበቅኩት። ገና ሳይወጣ “የአብዱልፈታሕ ልጅ ነኝ፣ የአባቴን እግር ስጡኝ” አልኩ። ድምፄ ኮሪደሩን ሞላው፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ይየኝ። አንድ ወረቀት አስፈረሙኝና ሰጡኝ፤ ይህን ያህል ቀላል ነበር። እርስዎም ያን ጊዜ ጠይቀው ቢሆን ይሰጥዎት ነበር ማለቴ አይደለም፤ ያኔ የሚያጽናናዎት ሰው አጠገብዎ አልነበረም፣ እኔም ትንሽ ነበርኩ። ይኸን ባልዲ ከዛሬ ጀምሮ አብረን እንይዘዋለን።

ሸኹን ጠየቅኩ። ታጥቦ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀበር፣ ሶላት የለውም አሉኝ። በእማዬ ዘንቢል አድርጌ ይዤ መጣሁ። ሙሀጅር ጋቢና አስቀመጠን፣ ሌላ ሰው አልጨመረም። መንገድ ላይ አንዲት ሴትዮ ከኋላ አንገቷን አስግጋ “ምን ይዘሽ ነው?” አለችኝ። “ቅጠል” አልኳት። ሙሀጅር እያለቀሰ ነበር የሚነዳው።

ኤርሲዶ ቆፈረ። ጥልቅ አድርጎ፣ ድንጋዩን አንድ በአንድ እያወጣ፣ ወገቡን እስኪውጠው። “ጋሼ ይህን ሁሉ ዘመን ዳገቱን የወጡት በሱ ነው፣ በደንብ ይረፍ” አለ። አክስቴ ኩልሱም መጀመሪያ በእርስዎ ተናዳ ስትሳደብ ነበር፣ ኋላ አፈሩን በእጇ መለሰች። እኔ “የእማዬም ይሁን” አልኩ፣ በልቤ አይደለም፣ ጮክ ብዬ። አንዱን ለሁለቱ ቀብሬያለሁ፤ አላህ ይቀበለን።

ከዚያ ቅጠል ቀጠፍኩ። ምን ላድርግ፣ አማካሪዬ ይጠብቀኛል። ለጋው ጫፉ ቀይ ነው፣ ሂና እንደተቀባ። ይሠራ አይሠራ እንደሆነ ከወር በኋላ እነግርዎታለሁ፤ ሲሠራም “ሳህን ላይ” ብዬ ነው የምጽፍልዎ፣ ሌላ ቃል አልጨምርበትም።

ስለ ቤቱ አያስቡ። ድመቶቹ አድገዋል። ማሰሮው ውስጥ አዲስ አሸዋ አድርጌያለሁ።

እግርዎ ቀድሞዎት ቤቱ ገብቷል። እርስዎ ግን አይቸኩሉ።

ልጅዎ ሩፈይዳ